የገባ ሁሉ አይሠራም፦ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ሲስማሙና ሲጣሉ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ወረታ ይደርሳል። አንዱ ቅርንጫፍ እዚያው ተገንጥሎ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ ይወጣል፤ ዋናው መንገድ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ፣ የርብን ወንዝ ተሻግሮ፣ በጣራ ገዳም ተራራ ግርጌ በኩል አዲስ ዘመን ይገባል። በዚህ መስመር የሚኖር ሰው ኮምፒውተሩ ሲያዘግምበት መለዋወጫ የሚያገኝበትን መንገድ ያውቀዋል። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ላለ ነጋዴ ይደውላል፣ ገንዘቡን በስልኩ ያስተላልፋል፣ ዕቃው በካርቶን ተጠቅልሎ ለመኪና ረዳት ተሰጥቶ ይመጣለታል። ዕቃው አልስማማ ካለ ግን መመለሱ እንደ ማምጣቱ አይቀልም። የመላኪያው ወጪ እጥፍ ይሆናል፤ በዚያ ላይ በብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። መርካቶ አጠገብ ያለ ሰው ሞክሮ የሚያውቀውን ነገር የወረታ ሰው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ማወቅ አለበት።

በስልክ የሚደረገው ንግግር ብዙ ጊዜ አጭር ነው።

«ወንድሜ፣ ለዴል 790 የሚሆን አይ ፋይቭ ሰርድ ጀነሬሽን ይኖርሃል?»

«ሞልቷል። ይገባል።»

ሻጩ አልዋሸም፤ ፕሮሰሰሩ እውነትም ይገባል። ማብሪያው ሲጫን ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ እንደሆነ ይቀራል። የተበላሸ ዕቃ የለም፣ የተታለለ ሰውም የለም። ስህተቱ ጥያቄው ላይ ነው። «ይገባል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚለካው ቅርጽን ብቻ ነው። ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ እንዲስማሙ ግን አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ የሶኬቱ ቅርጽ፣ የቺፕሴቱ ፈቃድ፣ የባዮሱ ዕውቀት፣ እንዲሁም የኤሌክትሪክ ኃይሉና የማቀዝቀዣው አቅም። ሦስቱ ተሟልተው አንዱ ከጎደለ ኮምፒውተሩ ወይ አይነሣም፣ ወይ ተነሥቶ አይሰነብትም።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን ከበደ?

አሮጌ ኮምፒውተር ማደስ ድሮም ነበር፤ አሁን ግን ሁለት ነገሮች ይበልጥ ተፈላጊ አድርገውታል። አንደኛው ምንዛሬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ የውጭ ዕቃ ስለሆነ አዲስ መግዛት ከበደ፤ ያለውን ማጠንከር አማራጭ ሆነ። ሁለተኛው ዊንዶውስ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። ይህን የሰማ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ «ፕሮሰሰሩን ብቻ ብቀይረውስ?» የሚል ነው። መልሱን የሚሰጠው ማዘርቦርዱ ነው።

ሶኬት፦ የመጀመሪያው በር

ፕሮሰሰሩ የሚያርፍበት ካሬ ቦታ ሶኬት ይባላል። እያንዳንዱ ሶኬት የራሱ የነጥቦች ብዛትና አቀማመጥ አለው። ኢንቴል ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዴስክቶፕ ያወጣቸው ሶኬቶች ስማቸው ውስጥ ይህን ቁጥር ይይዛሉ፤ ኤልጂኤ 775 ማለት 775 መገናኛ ነጥቦች ያሉት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ 1156 በ2009፣ 1155 በ2011፣ 1150 በ2013፣ 1151 በ2015፣ 1200 በ2020፣ 1700 በ2021 ተከታትለው መጡ። 1156 እና 1155 የሚለያዩት በአንድ ነጥብ ብቻ ቢመስልም አንዱ ለሌላው አይሆንም፤ በፕሮሰሰሩ ጠርዝ ላይ ያሉት ጎድጓዳ ምልክቶች ቦታቸው ስለሚለያይ እንዳይቀመጥ ይከለክላሉ።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ሶኬት 7 በሚባለው ማዘርቦርድ ላይ የኢንቴልን፣ የኤኤምዲን ወይም የሳይሪክስን ፕሮሰሰር መግጠም ይቻል ነበር። በ1997 እ.ኤ.አ. ኢንቴል ፔንቲየም 2ን በካርድ መልክ አውጥቶ ስሎት 1 በተባለ የራሱ መሰኪያ ላይ አቆመው። ተፎካካሪዎቹ ያን መሰኪያ መጠቀም አልቻሉም። ኤኤምዲ በ1999 አትሎንን ሲያወጣ ስሎት ኤ የተባለ የራሱን ይዞ መጣ። ስሎት ኤ በአካሉ የስሎት 1 ዓይነት መሰኪያ ሆኖ አቅጣጫው ብቻ የተገለበጠ ነበር፤ በኤሌክትሪኩ በኩል ግን ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም። ሁለቱ ኩባንያዎች ከዚያ ወዲህ መንገዳቸው ተለያየ። ዛሬ የኢንቴል ማዘርቦርድ የኤኤምዲን ፕሮሰሰር፣ የኤኤምዲም የኢንቴልን የሚቀበልበት ሁኔታ የለም።

ሶኬቱ ካልገጠመ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። የሚያስቸግረው ሶኬቱ ሲገጥም ነው።

ቺፕሴት፦ አንድ ፕሮሰሰር፣ ሦስት ማዘርቦርድ

ኮር አይ5-3470ን እንውሰድ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ አራት ኮር ያለው፣ በ3.2 ጊጋኸርዝ የሚነሣ፣ 77 ዋት የተመደበለት፣ በኤልጂኤ 1155 ላይ የሚቀመጥ ሦስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ነው። አሁን ይህንኑ አንድ ዕቃ ሦስት ዓይነት ማዘርቦርድ ላይ አስቀምጠን እንይ። ሦስቱም ሶኬታቸው 1155 ነው።

የመጀመሪያው የዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 ማዘርቦርድ ነው፤ ቺፕሴቱ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር የሚያገናኘው የማዘርቦርዱ ቺፕ፣ ኪው65 ይባላል። ይህ ማሽን በ2011 ለሁለተኛው ትውልድ የተሠራ ነው። አይ3-2100፣ አይ5-2400፣ አይ7-2600 ያለ ችግር ይሠሩበታል። ኢንቴል ግን ለቢሮ ማሽኖች ያዘጋጃቸውን ኪው65፣ ኪው67 እና ቢ65 የተባሉ ቺፕሴቶች ለሦስተኛው ትውልድ አልፈቀደም። 3470 ይገባል፤ አይነሣም። በስልክ ተጠይቆ «ይገባል» የተባለለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ኤች61 የተባለ ርካሽ ቺፕሴት ያለው ማዘርቦርድ ነው። ዘመኑ ከኪው65 ጋር አንድ ቢሆንም ሦስተኛውን ትውልድ እንዲቀበል ተፈቅዶለታል፤ ቅድመ ሁኔታው ባዮሱ መታደሱ ነው። ሦስተኛው ኪው77 ወይም ቢ75 ያለው ማዘርቦርድ ነው። እነዚህ በ2012 ከሦስተኛው ትውልድ ጋር አብረው የወጡ ስለሆኑ 3470ን ወዲያው ይቀበላሉ፤ ወደ ኋላ ተመልሰውም ሁለተኛውን ትውልድ ያስተናግዳሉ።

እዚህ ላይ ዋጋን መመሪያ ማድረግ እንደማይቻል ልብ ይሏል። በዴል ቤት 990 የተባለው ማሽን ባለ ኪው67 ነው፤ ሲወጣ ከ790 የላቀ ደረጃ ነበረው። 3010 ደግሞ በቀጣዩ ዓመት በኤች61 ተሠርቶ የወጣ ዝቅተኛ ሞዴል ነው። ሦስተኛውን ትውልድ የሚያሠራው ግን ርካሹ 3010 ነው።

ይኸው ታሪክ በሌሎቹ ሶኬቶችም ተደጋግሟል። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ኮምፒውተር ሲገባላቸው ገበያ ላይ የነበረው ኤልጂኤ 775 ነበር። ይህ ሶኬት ከፔንቲየም 4 እስከ ኮር 2 ኳድ ድረስ ብዙ ዓይነት አስተናግዷል። ሆኖም በ2004 እ.ኤ.አ. በ915 ቺፕሴት የተሠራ ማዘርቦርድ ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣውን ኮር 2 ዱኦ አያሠራም፤ ነጥቦቹ 775 ቢሆኑም የኃይል ማስተካከያ ክፍሉ አዲሱ ፕሮሰሰር የሚፈልገውን ቮልቴጅ መስጠት አይችልም። በዚያ ዘመን የፕሮሰሰሩና የማዘርቦርዱ መገናኛ ፍጥነትም መመሳሰል ነበረበት። ኮር 2 ዱኦ ኢ8400 በ1333 ሜጋኸርዝ ይነጋገራል፤ ማዘርቦርዱ ከ1066 የማያልፍ ከሆነ ጉዳዩ ያበቃለታል።

ትልቁ ወጥመድ ግን ኤልጂኤ 1151 ነው። ስድስተኛውና ሰባተኛው ትውልድ በዚህ ሶኬት ላይ ወጡ። በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ስምንተኛው ትውልድ ሲመጣ የነጥቦቹ ብዛት 1151 እንደሆነ ቀረ፣ የጠርዙ ምልክትም አልተለወጠም። የአንዳንዶቹ ነጥቦች ሥራ ግን ተቀየረ፤ ኢንቴል የኮሮቹን ቁጥር ወደ ስድስት ስላሳደገ ለኃይል የሚውሉትን ነጥቦች አበዛቸው። ስለዚህ ስምንተኛው ትውልድ 300 ተከታታይ ቺፕሴት ይፈልጋል፤ 100ና 200 ተከታታይ ቺፕሴት ባላቸው ማዘርቦርዶች ላይ አይሠራም። አይ3-7100 ያለው ኦፕቲፕሌክስ 3050 ላይ አይ3-8100 አስቀምጦ ዊንዶውስ 11 ለማስገባት ያሰበ ሰው እቅዱ እዚህ ላይ ይሰናከላል። የዊንዶውስ 11 ድንበር የተሰመረው በአንዱ ሶኬት፣ በ1151 መሀል ለመሀል ነው።

ባዮስ፦ ማዘርቦርዱ ያውቀዋል ወይ?

ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስ አይደለም፤ በማዘርቦርዱ ላይ በተለጠፈች ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ባዮስ የሚባል ፕሮግራም ነው። ባዮሱ የፕሮሰሰሩን መለያ ያነብና ምን ያህል ቮልቴጅ እንደሚሰጠው፣ በምን ፍጥነት እንደሚያስነሣው ከመዝገቡ ይፈልጋል። መዝገቡ ውስጥ ከሌለ ሥራው በዚያው ይቆማል። የፎገራ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ቀንበሩ ለአንገቱ ልክ ስለሆነ ብቻ ወይፈን አያርስም፣ መጀመሪያ መቅናት አለበት። ማዘርቦርዱን ለአዲሱ ፕሮሰሰር የሚያቀናው የባዮስ እድሳት ነው።

የኤኤምዲው ኤኤም4 ሶኬት የዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። 1331 ፒን ያለው ይህ ሶኬት በ2017 እ.ኤ.አ. ከመጀመሪያዎቹ ራይዘኖች ጋር ታወቀ፤ በ2022 ኤኤም5 ሲመጣም ከገበያ አልወጣም። ኢንቴል በየሁለት ትውልዱ ሶኬት ወይም ቺፕሴት ሲለውጥ ኤኤም4 በርካታ ትውልዶችን ተሸክሟል። ይሁን እንጂ ዋጋ አስከፍሏል። ባዮሱ የሚቀመጥባት ቺፕ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ 16 ሜጋባይት ብቻ ስለነበረች የሁሉም ትውልድ መረጃ አልበቃት አለ። አንዳንድ አምራቾች አዲሱን ለማስገባት ከአሮጌዎቹ ከፊሉን ከዝርዝር አወጡ። ኤኤምዲ ራሱ በ2020 ቀጣዩ የራይዘን ትውልድ በቢ450 ማዘርቦርድ ላይ እንደማይሠራ ተናግሮ፣ ደንበኞቹ ሲያጉረመርሙ በዚያው ወር ሐሳቡን ለወጠ።

ስለዚህ ቢ450 ማዘርቦርድ ራይዘን 5 5600ን ይቀበላል፤ የሚቀበለው ግን ባዮሱ ከታደሰ በኋላ ነው። እድሳቱን ለማካሄድ ደግሞ የሚሠራ ፕሮሰሰር መኖር አለበት። አሮጌው ተነቅሎ ተሸጦ ከሆነ ሰውየው አጣብቂኝ ውስጥ ይገባል። ኤኤምዲ በአንዳንድ አገሮች ለዚህ ሲል ለደንበኞች ፕሮሰሰር ያውስ ነበር። አንዳንድ ማዘርቦርዶችም ያለ ፕሮሰሰር ከፍላሽ ዲስክ ባዮስ የሚጭን ልዩ ቁልፍ አላቸው። ይህ ሁሉ ለሌለው መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው፦ አሮጌው ፕሮሰሰር እየሠራ ሳለ ባዮሱን ማደስ፣ ተነሥቶ መሥራቱን ማረጋገጥ፣ ከዚያ መንቀል።

እድሳቱ ራሱ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች መብራት ቢጠፋ ግን ባዮሱ በከፊል ተጽፎ በከፊል ሳይጻፍ ይቀራል፤ ማዘርቦርዱም ጭራሽ የማይነሣ ዕቃ ይሆናል። መብራት ሳያስጠነቅቅ በሚሄድበት ከተማ ይህን ሥራ ያለ ዩፒኤስ መጀመር ቁማር ነው። ዩፒኤሱም ባትሪው የደከመ እንዳይሆን ቀድሞ መሰኪያውን ነቅሎ ማየት ይገባል፤ ኮምፒውተሩን አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ከያዘ ይበቃል።

ኃይልና ሙቀት፦ በሳሳ አየር

ሶኬቱ፣ ቺፕሴቱና ባዮሱ ከተስማሙ ኮምፒውተሩ ይነሣል። እንዲሰነብት የሚያደርገው ግን አራተኛው ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር ማቀዝቀዣው ሊያስወግድለት የሚገባውን ሙቀት የሚያመለክት ቁጥር አለው፤ በዋት ይገለጻል። አይ3-2100 65 ዋት ነው፤ አይ5-2400ና አይ7-2600 95 ዋት ናቸው። ከአይ3 ወደ አይ7 ያደገ ሰው ለ65 ዋት የተሠራውን ቀጭን የብረት ማቀዝቀዣ (ሂት ሲንክ) እዚያው ከተወው ፕሮሰሰሩ ይግላል፤ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያን ያህል ገንዘብ ወጥቶበት እንደ ድሮው ያዘግማል፤ ሲብስም ድንገት ይጠፋል።

በእኛ ደጋማ አገር ይህ ነገር ይበረታል። የጣና ሐይቅ ወለል ራሱ ከባሕር ጠለል 1,786 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ የፎገራ ሜዳ ከዚያ ጥቂት ይበልጣል፤ ጣራ ገዳም ደግሞ ከሜዳው በላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ቢያንስ 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን ባይቀንስም አየሩ ስስ ስለሆነ ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። በበጋ አቧራ፣ ወፍጮ ቤት አካባቢ ደግሞ የገለባ ብናኝ የሂት ሲንኩን ክንፎች ሲደፍን ችግሩ ይደራረባል። ስለዚህ «ከልኩ አያልፍም» የተባለ ማቀዝቀዣ እዚህ ላይበቃ ይችላል፤ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን መምረጥ ይሻላል።

ማቀዝቀዣውም የራሱ ቅርጽ አለው። በኤልጂኤ 775 ላይ የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ ርቀት 72 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ1156 እስከ 1200 ባሉት ላይ 75 ሚሊ ሜትር፤ በ1700 ላይ 78። የዴልና የኤችፒ ቢሮ ማሽኖች ደግሞ የራሳቸውን የፋን መሰኪያና ማሰሪያ ስለሚጠቀሙ ከገበያ የተገዛ ፋን ላይገጥማቸው ይችላል። አንዳንድ ሞዴሎች ፓወር ሳፕላያቸውም የራሳቸው ነው።

ከቁጥሩ ኋላ የሚመጣው ፊደልም መነበብ አለበት። አይ5-2400ኤስ ከአይ5-2400 ጋር አንድ ትውልድ ቢሆንም 65 ዋት ነው፤ በ2.5 ጊጋኸርዝ ስለሚነሣ ዝግ ይላል። ከዘጠነኛው ትውልድ ወዲህ «ኤፍ» የተጻፈበት የኢንቴል ፕሮሰሰር ምስል የሚያወጣ ክፍል የለውም። እስከ 5000 ተከታታይ ያሉት የዴስክቶፕ ራይዘኖችም «ጂ» ከሌለባቸው እንዲሁ ናቸው። የግራፊክስ ካርድ በሌለው የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ከተገጠሙ ሁሉም ነገር ሠርቶ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል። ባለቤቱም ፕሮሰሰሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

ገንዘብ ከመላኩ በፊት

ምርመራው የሚጀምረው ከማዘርቦርዱ ነው። ኮምፒውተሩ የሚሠራ ከሆነ መክፈት አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ ውስጥ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ሲከፍቱ የማዘርቦርዱ አምራች፣ ሞዴሉ፣ የባዮሱ ቁጥርና ቀን ተዘርዝረው ይታያሉ። ሲፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ የሶኬቱን ስምና ቺፕሴቱን ይጨምራል። ኮምፒውተሩ ካልተነሣ ክዳኑ ይከፈታል፤ የማዘርቦርዱ ስም አብዛኛውን ጊዜ በሰሌዳው ላይ፣ በካርድ መሰኪያዎቹ መሀል ታትሟል። እንደ ዴል ባሉት ላይ ዋናው የማሽኑ ሞዴልና በአካሉ ላይ የተለጠፈው ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው የሰርቪስ ታግ ነው።

ሞዴሉ ከታወቀ የመጨረሻው ዳኛ አምራቹ ያወጣው ዝርዝር ነው። አሱስ፣ ጊጋባይት፣ ኤምኤስአይና አስሮክ ለእያንዳንዱ ማዘርቦርድ «ሲፒዩ ሰፖርት ሊስት» ያወጣሉ። ሰንጠረዡ በአንድ ዓምድ የፕሮሰሰሩን ስም፣ በሌላው ከየትኛው የባዮስ ቁጥር ጀምሮ እንደሚሠራ ይናገራል። ሁለተኛውን ዓምድ ሳያዩ መግዛት ግማሹን አንብቦ እንደ መፈረም ነው። ለዴልና ለኤችፒ ማሽኖች ደግሞ የሞዴሉ መመሪያ መጽሐፍ አብረውት የተሸጡትን ፕሮሰሰሮች ይዘረዝራል፤ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ መምረጥ አስተማማኙ መንገድ ነው። የኢንቴል የራሱ የመረጃ ቋት ሶኬቱንና ዋቱን ይነግራል እንጂ የእርስዎ ማዘርቦርድ ፕሮሰሰሩን ማወቅ አለማወቁን አይነግርም።

ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ ይታያል። «አይ ፋይቭ» የሚለው ደረጃውን እንጂ ዕድሜውን አይናገርም፤ ትውልዱ ያለው ከሰረዙ ቀጥሎ ባለው ቁጥር መነሻ ላይ ነው። 2400 ሁለተኛ፣ 3470 ሦስተኛ፣ 4570 አራተኛ፣ 10400 አሥረኛ ትውልድ ነው። ስሙ በብረት ክዳኑ ላይ ተቀርጿል፤ ከሥሩም በ«ኤስ» የሚጀምር አጭር መለያ አለ። ሻጩ የብረት ክዳኑን ጽሑፍ በግልጽ የሚያሳይ ፎቶ በቴሌግራም እንዲልክ መጠየቅ ነውር የለውም። ጽሑፍ ተፍቆ ሌላ የሚቀረጽበት ጊዜ ስላለ ደግሞ፣ ከተገጠመ በኋላ ሲፒዩ-ዚ የሚያሳየው ስም ከተቀረጸው ጋር መመሳሰሉን ማረጋገጥ ይገባል፤ ፕሮግራሙ የሚያነበው ከውስጥ ያለውን መለያ ነው።

ለሻጩ የሚላከው መልእክትም ይለወጣል። «ለዴል 790 አይ ፋይቭ» በማለት ፋንታ እንዲህ ይጻፋል፦ «ማሽኑ ኦፕቲፕሌክስ 790 ነው፣ ቺፕሴቱ ኪው65፣ አሁን ያለበት አይ3-2100 ነው። የምፈልገው አይ5-2400 ነው፤ 2400ኤስ ወይም ሦስተኛ ትውልድ አይሆነኝም። ከመላክህ በፊት ፎቶውን ላክልኝ። ካልተነሣ በሳምንት ውስጥ ብመልስ ትቀበላለህ?» የመጨረሻው ጥያቄ መልስ በጽሑፍ መቅረቱ ጥሩ ነው።

ሲገጠም

ዕቃው ደረሰ። ባዮሱን ማደስ ካስፈለገ አሁን፣ አሮጌው ሳይነቀል ይታደሳል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ እንዲሞቅ ይደረጋል፤ በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መሀል የደረቀው ተርማል ፔስት ይለሰልሳል። ጠፍቶ ከመብራት ከተነቀለ በኋላ ሂት ሲንኩ በቀስታ ግራና ቀኝ እየተወዘወዘ ይነሣል። በኤኤም4 ላይ ይህ በተለይ ያስፈልጋል፤ ፒኖቹ ያሉት በፕሮሰሰሩ ላይ ስለሆነ ደርቆ የተጣበቀ ሂት ሲንክ በኃይል ሲሳብ ፕሮሰሰሩን ከተቆለፈ ሶኬት ይዞት ይወጣል፤ ፒኖቹም ይጣመማሉ።

በኢንቴል ሶኬት ላይ ፒኖቹ ያሉት በማዘርቦርዱ በኩል ነው። የብረት ዘንጉ ወደ ታች ተጭኖ ወደ ጎን ሲለቀቅ ክፈፉ ይነሣል፤ ውስጡ አንድ ወገን ያዘመሙ፣ የወርቅ ቅብ ያላቸው በጣም ቀጫጭን ፒኖች በረድፍ ተደርድረው ይታያሉ። በጣት አይነኩም፣ በጨርቅም አይጠረጉም። አንዱ እንኳ ቢጣመም አንድ የራም መስመር ሊጠፋ ወይም ኮምፒውተሩ ጭራሽ ላይነሣ ይችላል። አዲሱ ፕሮሰሰር በጠርዙ ተይዞ፣ ጥጉ ላይ ያለው ባለ ወርቅ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር፣ ሁለቱ ጎድጓዳ ጠርዞችም ከሶኬቱ ጥርሶች ጋር ይገጠማሉ። ከዚያ ይለቀቃል፤ በራሱ ክብደት ይቀመጣል። ግፊት ከፈለገ የሆነ ነገር ልክ አይደለም። ዘንጉ ሲመለስ ግን ጠንከር ማለቱና ሲጥ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ያን ሁሉ ፒን በአንድ ጊዜ የሚጫነው እሱ ነው።

አሮጌው ፔስት በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ከሂት ሲንኩ ይጠረጋል፤ አዲሱ ትንሽ ጠብታ መሀል ላይ ይደረጋል። ፋኑ መሰካቱ ይረጋገጣል። በርቶ ስክሪኑ ከጨለመ መጀመሪያ የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥቶ መመለስ፣ ራሙንም ነቅሎ መሰካት ይሞከራል። አሁንም ካልተነሣ አሮጌው ፕሮሰሰር ይመለሳል። በአሮጌው ከተነሣ ማዘርቦርዱ ደህና ነው፤ ከአራቱ አንዱ ነጥብ ተዘሏል ማለት ነው።

መቀየር የማያዋጣበት ጊዜ

ላፕቶፕ በዚህ ጽሑፍ እስካሁን ያልተነሣው ፕሮሰሰሩ በማዘርቦርዱ ላይ ስለሚበየድ ነው። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡ አብዛኞቹ የኢንቴል ላፕቶፖች ፕሮሰሰር የሚቀየርበት ሶኬት የላቸውም።

በዴስክቶፕም ቢሆን ጣሪያውን የሚወስነው ማዘርቦርዱ ነው። የ790 ባለቤት በዝርዝሩ ላይ የሚያገኘው ከፍተኛው አይ7-2600 ነው። ከአይ3-2100 ተነሥቶ ወደ አይ5-2400 መውጣቱ ኮሮቹን ከሁለት ወደ አራት ስለሚያሳድግለት ልዩነቱ ይሰማዋል። ከአይ5-2400 ወደ አይ7-2600 መሄዱ ግን ለጽሕፈትና ለፎቶ ኮፒ ሥራ የሚጨምርለት ጥቂት ነው። ያንኑ ገንዘብ በሀርድ ዲስኩ ፋንታ ኤስኤስዲ ለማስገባትና 4 ጊጋ የነበረውን ራም 8 ለማድረግ ቢያውለው ማሽኑ ፈጥኖ ሲነሣ ያየዋል። የዊንዶውስ 11ን ጉዳይ ግን በ1155 ሶኬት ላይ የሚቀመጥ አንድም ፕሮሰሰር አይፈታለትም። ያን የፈለገ ሰው ገንዘቡን ለፕሮሰሰር ሳያውል አጠራቅሞ ሌላ ማሽን ይግዛ። ያንን ሲገዛም በውስጡ ካለው ፕሮሰሰር አስቀድሞ ማዘርቦርዱ ወደፊት እስከ የት እንደሚቀበል ዝርዝሩን ይይ፤ ዛሬ ባለ አይ3 ሆኖ የተገዛ ማሽን ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አይ5 ወይም አይ7 የሚያድገው ይህ ቀድሞ ከታየ ነው።